«ታጥባችሁ ግቡ» ያሉን መምህርት እና የወንዛችን እንቁራሪቶች

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ሲያርፍ የሚጻፈው ስለ ሰው እንጂ ስለ እንቁራሪት አይደለም። ርእሰ መምህራችን «አንቺ ትቀርቢያቸው ነበርና፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚነበብ ሸጋ ነገር ጻፊ» ሲሉኝ እሺ ብዬ ተቀመጥሁ። እንቁራሪቶቹን ከጽሑፉ ለማውጣት ደጋግሜ ሞከርሁ። እነሱ ሲወጡ ግን መምህርትም አብረው ይወጡና ወረቀቱ ባዶ ይቀርብኛል። ስለዚህ እንደሆነው ጽፌዋለሁ። ያጠፋሁት ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መምህርት ፈንታነሽ ከኮላ ድባ ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን ለረጅም ዘመን ባዮሎጂ አስተምረው፣ ሐምሌ አምስት፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ጎንደር ከተማ በሕክምና ላይ እንዳሉ ዐርፈዋል። ቀብራቸውም በቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ለቀስተኛው ብዙ ነበር። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሰዎች «አይ መምህርት! ለእንቁራሪት ሲከራከሩ ሄዱ» ሲባባሉ ሰማሁ። እያለቀሱ ነው ወይስ እየሳቁ፣ ዞሬ ባይም መለየት አልቻልሁም።

እኔ የአያ ደሴ ልጅ ነኝ፤ አሁን ጎንደር የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ። ለዚህ የበቃሁት በመምህርት ነው። ገና ትምህርት ሳልጀምር፣ አባቴ ሽምብራው ላይ የትል መድኃኒት ሲረጭ ውሎ ገባ። እንደ ልማዴ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። ልብሱ እርጥብ ነበር አሉ። ብዙም ሳይቆይ አስመለሰኝ፤ ለሃጬ አልቆም አለ፤ እጅና እግሬ ተንቀጠቀጠ። መምህርት ከሥራ ሲመለሱ የእናቴን ጩኸት ሰምተው ገቡ። ልብሴን አውልቀው በሳሙና አጠቡኝ፤ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ማንም ሳይቀበላቸው ጤና ጣቢያ ድረስ አዝለው ወሰዱኝ።

ከዚያ በኋላ በዕድር ስብሰባም፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም የሚናገሩት አንድ ነገር ሆነ። «ረጭታችሁ እንዲሁ ቤት አትግቡ። መርጫውንም፣ ልብሱንም፣ ገላችሁንም ታጥባችሁ ግቡ።» ቃሉ ያዘ። ገበሬው ረጭቶ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወርዳል። መርጫውን ያለቀልቃል፣ ልብሱን ይጨምቃል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ልጆቹን ያቅፋል። ሳይታጠብ የመጣ ባል ሚስቱ ከደጅ ትመልሰዋለች። ከእኔ በኋላ በቀበሌያችን እንደዚያ የታመመ ልጅ አላውቅም።

መምህርት በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ወንዝ ዳር ይወስዱን ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ረግረጉ ውስጥ ይገቡና እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጨውን የእንቁራሪት ዕንቁላል በመዳፋቸው ያወጣሉ። «አትጠየፏት» ይሉናል። «እንቁራሪት ውኃ በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ነው የምትጠጣው። ውኃው ውስጥ ያለው ሁሉ እሷ ውስጥ ይገባል።» ከዚያ በጠርሙስ ይዘን ወደ ክፍል እንመለሳለን። ጥቋቁሮቹ ጅራታሞች መጀመሪያ የኋላ እግር፣ ቀጥሎ የፊት እግር ሲያወጡ፣ ጅራታቸውም ሲጠፋ እያየን መልሰን እንለቃቸዋለን።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ክረምቱ ገብቶ፣ ገበሬው መርጫውን ከሚያጥብበት መታጠቢያ በታች ያለው ረግረግ ዝም አለ። የእንቁራሪቱ ጩኸት ድሮ ሰው አያነጋግርም ነበር። አባቴ «እሰይ፣ ተገላገልን!» አለ። መምህርት ግን ዝምታው አላማራቸውም። ከላይ፣ እንቁራሪት ካለበት ቦታ፣ አንድ እፍኝ ዕንቁላል አምጥተው ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ከመታጠቢያው በላይ በተቀዳ ውኃ፣ ግማሹን ከመታጠቢያው በታች በተቀዳ ውኃ አኖሩት። ጊዜው ገበሬው ከዘር በፊት የአረም ማድረቂያ የሚረጭበት ነበር። በላይኛው ውኃ ያሉት እግር አወጡ። በታችኛው ውኃ ያሉት በጎናቸው ተንጋለው ሲሽከረከሩ ቆዩና አንዱም እግር ሳያወጣ አለቁ።

መምህርት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም «ልጆች፣ እዚህ ውኃ ውስጥ ያለው የእኔ ቃል ነው» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባው አልነበረም። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«ይመጣል። መልሱን ግን እኔም አላውቀው።»

በዚያው ሳምንት እኛ ቤት መጡ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብድግ ብሎ አስቀመጣቸው።

«አያ ደሴ፣ ከእንግዲህ መርጫዎን ወንዝ ውስጥ አይጠቡ» አሉት።

«ምነው መምህርት? ትናንት ታጠብ፣ ዛሬ አትታጠብ! ቄሱም እንዲህ አያገላብጡን።»

«መታጠቡንስ ይታጠቡ። ውኃ በጀሪካን ወደ ማሳዎ ይውሰዱና እዚያው ይታጠቡ፤ እጣቢውም መሬቱ ላይ ይቅር።»

«ውኃው እግሬ ሥር እየወረደ እኔ ተሸክሜው ዳገት ልውጣ? ለእንቁራሪት ብዬ? ከመቼ ወዲህ ነው ዘመድ የሆነችን?»

«ከብቶችዎም ከዚያ ይጠጣሉ እኮ አያ ደሴ። እሷ ቀድማ ነገረችን እንጂ።»

አባቴ ወደ እኔ በጣቱ አመለከተ። «መምህርት፣ ይችን ልጅ ያተረፈልኝ ያ ቃል ነው። እርስዎ ቢተውት እኔ አልተወውም።»

በዚያን ጊዜ ማን ልክ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። ሁለቱም ስለ እኔ የሚከራከሩ መሰለኝ። መምህርት «የነገርሁዎት ውሸት አልነበረም፤ የእውነቱ ግማሽ ነበር» ብለው ተነሡ። ግድግዳው ሥር የቆመውን የአባቴን ዶማ ይዘው ወደ ማሳችን ሄዱ። ከወንዙ ርቆ፣ ማሳው ጠርዝ ላይ፣ የእጣቢ ጉድጓድ ይቆፍሩ ጀመር። አባቴ ከኋላ እየተከተለ «ኧረ ይተዉ! ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። እሳቸው «የቆፈረችው መምህርት ናት ይበሏቸው» እያሉ ይስቃሉ። ጉድጓዱ ተቆፈረ። አባቴ ግን ወንዙን አልተወም፤ ጉድጓዱን ሣር ዋጠው። ሌላውም ገበሬ «የአያ ደሴ ልጅ የዳነችው እኮ...» እያለ እሱን አየ።

ዘንድሮ ታመው ጎንደር ሲመጡ፣ ከክፍል በወጣሁ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን «አባትሽስ?» አሉኝ። ደስ የሚያሰኝ መልስ ብሰጣቸው በወደድሁ፤ ግን እሳቸውን አልዋሽም።

«አሁንም ወንዝ ነው የሚታጠበው፣ መምህርት።»

ይከፋቸዋል ብዬ ስፈራ ፈገግ አሉ። «ልጁን ስለሚወድ ነው። ያስተማርሁትን እንዲህ አጥብቆ የያዘ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። መምህር በዚህ ይቈጣል?» ደግሞም «ግራ ያጋባል፣ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። እስካሁንም ግራ እንደተጋባሁ ነው።

ክረምቱን ቤተ ሰቦቼ ዘንድ ነበርሁ። የመምህርት አርባ የዋለው ጤፍ በሚረጭበት ሰሞን ነው። አባቴ ጠዋት ማሳ ወርዶ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰው ለጸሎተ ፍትሐት ሲሰበሰብ እሱ የለም። እናቴ ዐይኗ ከመንገዱ ላይ አልነቀል አለ። በኋላ ፀጉሩ እንደረጠበ፣ እያለከለከ መጣ። የመጣው ከወንዙ በኩል ሳይሆን ከማሳው በኩል ነበር።

«ምነው እንዲህ ቆየህ?» አለችው እናቴ።

«ውኃ ተሸክሜ ስወጣ። ጉድጓዱም ሣር ዘግቶት።»

እኔ ጠጋ ብዬ «አባ፣ ለእንቁራሪቶቹ ብለህ ነው ወይስ ለመምህርት?» አልሁት።

«እኔ እንጃ» አለ፣ ነጠላውን እያጣፋ። «ብቻ ዛሬ በእሳቸው ቀን ወንዙ ውስጥ መግባት ከበደኝ። ዳገቱ ግን ይገድላል፤ መምህርት ይህን አልነገሩኝም ነበር።» ሳቅ ሲጀምር ዕንባው መጣ፤ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አዞረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሳ በወረደ ቁጥር ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል። ሁለት ጎረቤቶቻችንም ጉድጓዱን መጥተው አይተውታል። አንዱ ግን የሚያስቅ ነገር እንዳየ ሰው ነበር።

መምህርት፣ ይህን ጽሑፍ የእርስዎ ተማሪ እንደጻፈው ለማድረግ ጥሬያለሁ፤ ያልገባኝንም እንደገባኝ አድርጌ አልጻፍሁም። በአንድ ቃል እኔን አተረፉኝ፤ በዚያው ቃል ረግረጉ ዝም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምይዛቸው አላውቅም፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም ይዘው፣ ዶማም ጨምረው፣ ዳገት ሲወጡ አይቻለሁ። ረግረጉ ዳር ሄጄ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር። አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ከላይ የመጣ ይሁን ከታች፣ እንቁራሪት ይሁን ሌላ፣ እርግጠኛ ስላልሆንሁ እንቁራሪት ነው ብዬ አልነግርዎትም። በሰላም ይረፉ መምህርት። እርግጠኛ ሆኜ የምነግርዎ አንድ ነገር ነው፦ አያ ደሴ መርጫውን ወንዝ ውስጥ ማጠቡን የተወው በእርስዎ አርባ፣ በቡሄ ማግስት፣ ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን ነው።