ሙላቱና የሂሻም ሁለገብ

መርሳ ላይ፣ ከወንዙ ዳር ባለው የሽንኩርት ማሳ፣ የውሃ ሞተር ሲቆም ስልክ የሚደውል የለም። እጅ በጭቃ ነው፤ ስልኩም ከማንጎው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለሞተሩ የጠጋኙን ስም ይጮኻል፣ ከጎኑ ያለው ይቀበለዋል፣ ቀጣዩ ይደግመዋል፤ ጩኸቱ ከማሳ ማሳ እየተሻገረ ጠጋኙ ዘንድ ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት የሚጮኸው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ "ሙላቱ!"

ሙላቱ ሲጠራ ወዲያው አይነሳም ነበር። የጀመረውን ምግብ ይጨርሳል፣ አፉን ይጠርጋል። ስሙ አንድ ማሳ ጨምሮ እንዲጠራለት የሚፈልግ ይመስለኛል። ከዚያ ያችን ከባድ የሸራ ቦርሳ ያነግታል። ኪያቤ በየመጠኑ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ጥቅል ይዛለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከሞተር ሌላ ሙያ የለውም። ከዚያ ጩኸት የበለጠ የሚኮራበት ነገርም አላየሁበትም።

ጎረቤቱ ሂሻም ጥገናን የለመደው ከእሱ አጠገብ ቁጭ ብሎ በማየት ነው። አምና እህቱ ቶይባ ከጅዳ ለእረፍት መጥታ ስጦታ ሰጠችው፤ ታጥፋ ኪስ የምትገባ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ብረት። ስትዘረጋ ፒንሳ ናት። ከእጀታዋ ውስጥ ደግሞ ካቻቢቴ፣ መጋዝ፣ ቢላዋና ሞረድ ይወጣሉ። ሰው ሁሉ "ሁለገብ" አላት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሙላቱ ምሳውን ሲበላ ከወንዙ ማዶ ጩኸት ተነሳ። እንደ ልማዱ ማኘኩን ቀጠለ። ጩኸቱ እየቀረበ ሲመጣ ግን ስሙ የእሱ አልነበረም። "ሂሻም!" እያለ በራሱ ላይ አልፎ ሄደ። ያን ቀን የቀረውን ምሳ ለውሻ ሰጠው።

ቅናቱ ሻይ ቤት ውስጥ ወጣ። የውሃውን ተራ የሚያከፋፍሉት ሼህ አማን ብረቷን በእጃቸው እያገላበጡ፣

"ማሻአላህ! ጋራዥ በኪስ!" አሉ።

"ቢላዋ ናት፣ ሼህ። ጥርስ ያበቀለች ቢላዋ" አለ ሙላቱ።

"ቢላዋ የብሎን ዳዶ ይፈታል እንዴ ጋሼ?" ሂሻም ሳቀ።

"ታዲያ ሁለገብ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?" ሲሉ ሼሁ ጠየቁ።

"ብዙ ሲይዝ ነዋ! የእሱ ብረት ስንት ነገር አላት? ወልድያ ብትሄዱ ከሷ እጥፍ የያዘ ሞልቷል" አለ ሙላቱ።

"እኔ እንኳ ቆጥሬያት አላውቅም" አለ ሂሻም።

ይህ መልስ ሙላቱን ከስድብ በላይ አቃጠለው። በቅዳሜ ገበያ ሚኒባስ ይዞ ወልድያ ወጣ። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ የሚያብለጨልጭ ነገር ገዛ። መቀስ አለው፣ የጥፍር ሞረድ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ አጉሊ መነጽር፣ የጥርስ መጎርጎሪያ፣ በጫፉም መብራት። ሲመለስ እስከ ሲሪንቃ ድረስ ጭኑ ላይ እየከፈተ እየዘጋ ቆጠረው። ከሂሻም ብረት ይበልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀረች።

በበጋ ወንዙ ስለሚቀጥን ሞተር ሁሉ አንድ ላይ አይነሳም። ገበሬው በተራ ያጠጣል፤ ተራው ያለፈበት ደግሞ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ አለበት። የገበሬዋ የዘነበች ሽንኩርት ራስ መቋጠር ሲጀምር፣ በተራዋ ቀን፣ ሞተሯ ቆመ። ዘነበች የጥንት ደንበኛው ናት፤ "ሙላቱ!" ብላ ጮኸች። በዚያ ቀን ሙላቱ ጩኸቱ ሁለተኛ እስኪደገም አልጠበቀም። ሮጦ ደረሰ።

"ቦርሳህስ?" አለችው።

"ምን ያደርጋል? ሁሉም እዚህ ነው" ብሎ ኪሱን መታ።

ችግሩን ወዲያው አገኘው። ነዳጅ የምታመጣውን ቀጭን ጎማ ቆሻሻ ዘግቷታል። ጎማዋን ለማውጣት አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ ይዞ መፍታት ያስፈልጋል። መቀሱን ሞከረ፤ ተጣመመ። ጠርሙስ መክፈቻውን አስገባ፤ አዳለጠው። በጥፍሩ ሲታገል ጣቱ ደማ።

"እስቲ ልየው" አለች ዘነበች። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ሁለገብ ነው።"

"የጥርስ መጎርጎሪያ ነው እንጂ! ሙሌ፣ የኔ ሽንኩርት ጥርስ የለው!"

ሼህ አማን ከቦዩ ጫፍ ቆመው ፀሐይዋን አዩ። "ዘነቡ፣ የአሱር አዛን ሲሰማ ተራው የጎረቤትሽ ነው። ባዝንልሽም አልጨምርልሽም።"

ቤቱ ሩቅ ነው፤ ቦርሳዋን አምጥቶ አይደርስም። ዘነበች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልትጮኽ ስትል ሙላቱ ክንዷን ያዘ። ማንን እንደምትጠራ አውቋል። ሽንኩርቱን አየ፤ ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። ከዚያ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ራሱ ጮኸ።

"ሂሻም!"

የጎን ማሳው ሰዎች ቀና ብለው አዩት። ድምፁ የማን እንደሆነ ያላወቀ የለም። ዳግመኛ ሲጮኽ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ግን ተቀበለው፤ ስሙም ከማሳ ማሳ እየዘለለ ሄደ።

ሂሻም እያለከለከ መጣ። ሞተሩን አይቶ፣ የሙላቱን ጣት አይቶ፣ ብረቷን አውጥቶ ዘረጋት።

"እንካ ጋሼ። የጀመርከው አንተ ነህ።"

ብረቷ እንድታዳልጥ ተመኝቶ እንደነበር ሙላቱ በኋላ ነግሮኛል። አላዳለጠችም። ሽቦውን ነክሳ ያዘች፣ ፈታች። ጎማዋን አውጥቶ በአፉ እፍ ብሎ ጠረገ፣ መለሰ፣ አሰረ፣ የተረፈውን ሽቦ በዚያው በፒንሳው ጉሮሮ ቆረጠ። ከዚያ ካቻቢቴውን ከእጀታዋ መዝዞ የላላውን ካርብራተር አጠበቀ። ዘነበች ገመዱን ሳበች፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ቦዩን ሞላ።

"እህ ሙላቱ" አሉ ሼህ አማን፣ "ቢላዋ ናት?"

ሙላቱ ብረቷን በሱሪው ጠረጋት። አጠፋት፣ መልሶ ዘረጋት።

"አንቱ ደግሞ! ጨብጣ የምትይዝ ከሆነች ሌላው ትርፍ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ሂሻም ዞረ። "ቶይባ መቼ ነው የምትመጣው?"

"ለረመዳን ኢንሻአላህ።"

"ሰላም በልልኝ።"

ሂሻም እጁን ዘረጋ። ብረቷን ለመቀበል ግን ሁለት ጊዜ መሳብ ነበረበት።