እህቴን ደህና ናት ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴን ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አዲስ ገቢዎችን ወደሚረዳ ኦፊስ ሸኝቼ ነበር። ወይዘሮ ሙሉ ይባላሉ፤ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ እዚህ በምንኖርባት ዊተን ሕንፃችን ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ አውቶቡሱን ማሳየት የእኔ ሥራ ሆኗል። ማንም አልሾመኝም፤ እግሬ ግን መንገዱን ያውቀዋል።

የተቀበለችን ልጅ ሜሮን ትባላለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ እየተደናቀፈም ቢሆን ይሰማል፣ ፊቷም ብሩህ ነው። አፓርትመንቱ እንዴት እንደሆነ፣ ሂተሩ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ሙሉ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "ደህና ነው ልጄ፣ ተመስገን" አሉ።

ደሜ ፈላ። ሂተሩ ከተበላሸ መሰንበቱን አውቃለሁ። ልጆቹ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ እንደሚተኙም አውቃለሁ። ኧረ ይናገሩ እንጂ ብላቸው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ስለዚህ ነገሩን እኔው ለልጅቷ ነገርኳት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና፣ "በሰው ፊት ገመናዬን አወጡት፣ ጋሽ ታዬ" አሉኝ። 

እኔ ግን አልተቀየምኳቸውም። እንዴትስ ብዬ እቀየማቸዋለሁ? እኔም በወጣትነቴ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ወንበሩ ያኔ እዚሁ አገር አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነበር እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ከሱዳን እንደመጣሁ ካሳ ከሚባል የጎጃም ልጅ ጋር ላንድማርክ ከሚባለው የገበያ ማዕከል አጠገብ አንድ ክፍል ተሰጠን። ቅጠሉ የሚረግፍበት ወራት ነበር። ከሕንፃው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ያለው መንገድ ቀይና ቢጫ ለብሶ፣ ስንረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ካሳ ቀልደኛ ነው፤ "እዚህ አገር ዛፉም ልብሱን እያወለቀ የሚጥል ሀብታም ነው" ይል ነበር። ረጂዎቻችን የቆርቆሮ ምግብ በካርቶን ያመጡልናል። ከሁሉ የገረመን ስኳር የገባበት ባቄላ ነበር። ባቄላ በስኳር! ካሳ ካንድ አበሻ ለምኖ ያመጣውን በርበሬ እየነሰነስን፣ ስኳሩን እስክናሸንፈው እንታገላለን።

እውነቱን ለመናገር ረጂዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። ኦፊሳቸው አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። የእኛን ጉዳይ የያዘችው ሚስስ ሊንዳ የምትባል ረጅም ሴት ናት፤ ስትስቅ ድዷ ይታያል። አስተርጓሚያችን ደግሞ አቶ ግርማ ናቸው፤ ቀድመውን የመጡ፣ የተማሩ፣ ከረባታቸውን የማያወልቁ ሰው። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እሳቸው ሲያወሩ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር።

አንድ ቀን ሁላችንንም ተራ በተራ ጠሩን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሱዳን ውስጥ የቀረ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ካለ፣ ሚስስ ሊንዳ ለበላዮቿ ጽፋ ጉዳዩ እንዲፋጠን ታደርጋለች። ግን ሁሉንም አይደለም። የባሰባቸውን ነው የምታስቀድመው።

ታናሽ እህቴ ዘውዴ ካርቱም ቀርታ ነበር። ድንበሩን አብረን ነው የተሻገርነው፤ የእኔ ስም ቀድሞ ወጣና ጥያት መጣሁ። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የምትተኛው ኩሽና ወለል ላይ ነው። ወባ እየተመላለሰ ይጥላታል፤ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት ደግሞ ፖሊስ ሰው ባፈሰ ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥታ ትደበቃለች። ይህን ሁሉ ከዚያ የመጣ አንድ ሰው ነግሮኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር የከረምኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እሷን ማምጣት ብቻ።

ገባሁና ተቀመጥኩ። ሚስስ ሊንዳ ፈገግ ብላ እህቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቀች። አቶ ግርማ ተረጎሙ።

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

ምግብ ታገኛለች ወይ አለች። አይጠፋም አልኩ። የሚያሰጋት ነገር አለ ወይ ስትል ደግሞ፣ እግዜር ይጠብቃታል አልኩ። ሚስስ ሊንዳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደስ እንዳላት ተናገረች፤ ጨበጠችኝና ቀጣዩን ሰው ጠራች። እኔ ከወንበሩ አልተነሣሁም ነበር። ገና መጀመራችን መስሎኝ ነበርኮ።

ይህን ለልጆቼ ሳወራ ይስቁብኛል። እኛ አገር ግን ሰው እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ይላል። ቤቱ ተቃጥሎም ደህና ነኝ ይላል። ጠያቂውም ወግ ያውቃልና አይለቀውም፤ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ እውነት ደህና ናችሁ እያለ ይመላለስበታል። እንግዳው አረፍ ብሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ጥቂት ከቀመሰ በኋላ ነው "ምን ደህንነት አለ ብለህ ነው" ብሎ የሚጀምረው። መርዶ እንኳ ጎሕ እስኪቀድ ታፍኖ ያድራል። አባቴ ወልድያ ገበያ እህል ነጋዴ ነበር፤ ችግሩን ደጃፍ ላይ የሚያራግፍ ሰው ቤት ገብቶ አይቀመጥም ይል ነበር። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ የሚመላለስብኝን ሰው እየጠበቅሁ ነበር። ቢመላለሱብኝ ሁሉንም እዘረግፈው ነበር።

የገረመኝ ደግሞ፣ ከዚያ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሳላለቃቅስ፣ ሳልዋረድ የተናገርኩ መስሎኝ። ማታ ለካሳ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሰርግ የተጠራህ መሰለህ እንዴ? ለመለመን እኮ ነው የሄድነው!"

እሱ ወንድሙን ለማስመጣት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አልቅሷል። ወንድሙ ካርቱም አጎታቸው ቤት ነበር፤ አልጋም ነበረው፣ ሥራም ነበረው። ይህን ለክፋት አልናገረውም፤ ካሳ ያደረገው ልክ ነው። ቅጠሉ መልሶ ሲያቆጠቁጥ ወንድሙ መጣ። ኤርፖርት አብሬው ሄጄ ተቀበልኩት፤ ሻንጣውንም ተሸከምኩ። አንገቱን አቅፌ ስስመው ግን ከኋላው የሚወጡትን መንገደኞች አይ ነበር።

ካሳ እንደዚያ ባለኝ ማግስት ወደ ኦፊሱ ሮጫለሁ። ሚስስ ሊንዳ ትናንት ደህና ናት ብለህ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ አለችኝ። ምንም አልተለወጠም አልኩ። ያኔም ደህና አልነበረችም አልኩ። ኩሽናውን፣ ወባውን፣ ጣሪያውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሴትዮዋ ግንባሯን ቋጠረች። የተመረጡት ስሞች ትናንቱኑ ለበላዮቿ ሄደዋል አለች። ለሚቀጥለው ዙር ትሞክራለች፤ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ስለተናገርኩ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ በላዮቿ መጠየቃቸው አይቀርም። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ደረጃው ላይ አቶ ግርማን አቆምኳቸው። በሕይወቴ ለታላቅ ሰው ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው።

"እርስዎ አበሻ አይደሉም? ደህና ናት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ጠፍቶዎት ነው?"

አልጠፋኝም አሉ፣ ከረባታቸውን እየነካኩ። "አንተ ያልከውን ነው የተናገርኩት፣ ወንድሜ። ከራሴ ከጨመርኩ ነገ አያምኑኝም። እኔን ካላመኑኝ ደግሞ የሁላችሁም ነገር አበቃ።"

ልክ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ያናደደኝ፣ ያናገርኩት ሰው ሁሉ ልክ መሆኑ ነው። እሷ የነገርኳትን አመነች። እሳቸው ያልኩትን ተረጎሙ። ካሳ ለወንድሙ አለቀሰ። እኔም ያደግሁበትን መለስኩ። ቤተ ክርስቲያኑን የሞሉት ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ እህቴ ግን ኩሽና ወለል ላይ ተኝታ ነበር።

የሚቀጥለው ዙር ዘገየ። ጠየቅሁ፣ ተመላለስኩ፤ ጠብቅ ተባልኩ። እኔ ስጠብቅ እሷ መጠበቅ ሰለቻትና ከሌሎች ጋር ወደ ግብፅ ተሻገረች፤ ከዚያ የተቀበላት አውስትራሊያ ሆነ። እዚያው አገባች፣ ወለደች፣ አረጀች። እኔ ስነሣ እሷ ትተኛለች፤ የእኔ በረዶ የእሷ ሐሩር ነው። በአካል የተያየነው አንድ ጊዜ፣ በልጇ ሰርግ ነው። ሁለታችንም ነጭ ጸጉር ይዘን፣ ፎቶ አንሺው እስኪሰለቸው እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን። አብረን ያላረጀነውን እርጅና በምን እንመልሰው?

ሰሞኑን ሜሮን ስለ ሂተሩ ጉዳይ ኮል አደረገችኝ፤ ሠራተኛ እንደሚመጣ ነገረችኝ። እግረ መንገዴን ለመንኳት፤ ልጄ፣ የእኛን ሰዎች ስትጠይቂ አንድ ጊዜ ጠይቀሽ አታቁሚ፣ ደጋግመሽ መላልሺባቸው አልኳት። እሷ ግን፦

"አባባ፣ ሰው ሲነግርሽ እመኚ ብለው ነው ያስተማሩን። ደጋግሜ ከጠየቅሁ አላመንኳቸውም ማለት ነው፤ ሪስፔክት አይደለም። ደግሞ ለአንድ ሰው ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው።"

ለካ እሷም የምታከብረን መስሏት ነው። እኛ ለማክበር እንደብቃለን፤ እነሱ ለማክበር አይጠይቁም። በዚህ በሁለቱ አክብሮት መሀል ስንቱ ሰው ብርድ ላይ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ያን ቀን አውስትራሊያ ደወልኩ። ዘውዴ የድሮውን ነገር ታውቀዋለች፣ ሰርጉ ላይ ነግሬያታለሁ። የወይዘሮ ሙሉን ጉዳይ አጫወትኳትና ንዴቴን ዘረገፍኩባት፤ ስለ ሴትዮዋም፣ ስለ ልጅቷም፣ ስለ ሚስስ ሊንዳም፣ ስለ ራሴም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሳቀች።

"ታዬዬ፣ እኔኑ ራሴን ካርቱም መጥተው ቢጠይቁኝ፣ ሌላ ምን የምላቸው መስሎህ ነው?"

 ልታጽናናኝ ነበር ያለችው፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የምቆጣበት ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖብኝ የቀረችኝ እሷ ብቻ ሆነች። በእሷ ደግሞ አልቆጣም።