ከላይኛው ማኅደር የሚጀምሩት የኔታ

ትሕትና ቀየት ተወልዳ፣ ደብረ ብርሃን ተምራ፣ ኮምፒውተሯን ይዛ ራቤል የገባች ሴት ናት። ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ብዙ ሰው የሚያርመውን ጽሑፍ፣ የእያንዳንዱን ሰው እርማት ከነቀኑ ለይቶ የሚያኖር ሶፍትዌር አለ፤ እሷ የምትነድፈው የዚያን ሶፍትዌር አንድ ገጽ፣ ከገጹም «አድስ» የምትለዋን ቁልፍ ነው። ቁልፏ ስትነካ በተመረጠው ማኅደር፣ ማለት በፎልደሩ፣ ውስጥ ያለው ሁሉ ሁሉም በሚጋሩት ቅጂ ይተካል። ለአንዲት ቁልፍ አምስት ዓመት መማሯን እናቷ ለሰው አይናገሩም።

ገጹን የሚሞክሩላት የደብራቸውን ታሪክ ከብራና ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ካህናት ነበሩ። ባለፈው ወር ከእነሱ አንዱ፣ የቅኔው መምህር የኔታ መልከ ጼዴቅ፣ የአርባ ቀን እርማታቸውን በአንድ ንክኪ አጡ። ያርሙ የነበረው ክፍል ሦስትን ነው፤ የነኩት ግን ሁሉን ክፍል የያዘውን የላይኛውን ማኅደር።

«የኔታ፣ የሚሠሩበትን ክፍል ትተው ሌሎቹን ብቻ እየለዩ ቢያድሱ ኖሮ...» አለች ትሕትና።

«መጽሐፍ ከመካከል ይከፈታል እንዴ? የማን ተማሪ ነሽ?»

«የእርስዎ አይደለሁም።»

«ያስታውቃል።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንደገና እጽፈዋለሁ። ዳግም ከጠፋ ግን ዓይኔ ለሦስተኛ አይበቃም።»

በማግስቱ ትሕትና በፈረስ ወደ ጓሳ፣ ወደ ደጋው የሣር ምድር፣ ወጣች። ግጦሽ የተከለከለበት ወቅት ነበርና ፈረሱ ሣሩን በዓይኑ ብቻ ጎበኘ። ጉሙ ከአፋፉ ጀምሮ ወረደ፤ ድንጋዩን፣ ሣሩን፣ በመጨረሻም የፈረሱን ጆሮዎች ማንንም ሳይጠይቅ ሸፈነ። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆና፣ ማኅደር በማኅደር ውስጥ ተደራርቦ፣ ከአንዳንዱ የመብራት ጭላንጭል ሲታይ አየች፤ ሰው ገና እየሠራ ባለበት ጉሙ ዞሮ ያልፍ ነበር። የኔታን ከማረም ገጹን ማረም እንደሚቀል የገባት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የአሥራ አንድ ገጽ መመሪያ ጽፋላቸው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የኔታ በአዲሱ ገጽ ፊት ተቀመጡ። አማተቡ፤ የላይኛውንም ማኅደር ነኩ። ገጹ ምንም ሳይለውጥ ዝርዝር አወጣ። እሳቸውም በዜማ ያነቡት ጀመር።

«ክፍል አንድ፤ ይታደሳል። ክፍል ሁለት፤ ይታደሳል። ክፍል ሦስት፤ እርማት ላይ ነው፣ አይነካም።» ቆም አሉ። «ይህን ማን ነገረው?»

«ወደ ጋራው ቅጂ ያላስረከቡትን እርማት ገጹ ራሱ ያየዋል፣ የኔታ።»

ዝርዝሩን ደግመው አነበቡ፤ ከዚያ «አድስ» የሚለውን ነኩ። ትሕትና ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ማየት አልቻለችም። ከኋላዋ የኔታ ክፍል ሦስትን ከፈቱ።

«እርማቴ አለ» አሉ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እንዳሳረፉ። «ትናንት የፋቅኋትም ቃል እንደ ተፋቀች አለች።»

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ወንበር እንድትስብም በአገጫቸው ጠቆሟት።

«በይ፣ ክፍል አራትን አንብቢልኝ። ዓይኔን ላሳርፈው።»