ግድግዳው ሲመልስ

ከባንኩ ሕንጻና ከሆቴሉ መሃል፣ ትከሻን አጋድመው ካልሆነ የማያልፉባት ቀጭን መንገድ አለች። ገባ ብትሉ የከተማው ጫጫታ ጭጭ ይላል። ጉድ እኮ ነው! እዚያ ማዶ መኪና ይጮኻል፤ እዚህ ዶሮ ትጭራለች፣ ትንንሽ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ያንጎላጃሉ።

አናጢው ጋሽ ቱምቢ የሚኖሩት እዚህ ነው። ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚለካበትን ባለ ክር ብረት ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ የተንጋደደ በር ካዩ ከንፈራቸውን ሳይመጥጡ አያልፉማ!

ቤቶቹ ግድግዳ ስለሚጋሩ፣ ማንም ሰው ምስማር ከመምታቱ በፊት አንኳኩቶ ያስፈቅዳል። ከወዲያ አንዴ ከተንኳኳ “ቆይ፣ ሕፃን ተኝቷል”፤ ሁለቴ ከሆነ “ቀጥል” ነው። ከጋሽ ቱምቢ ግድግዳ ጀርባ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ነበሩ፤ በመቀሳቸው እጀታ ሲመልሱላቸው ኖረው ባለፈው ክረምት አረፉ። ጋሽ ቱምቢ ግን አሁንም ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ለጥፈው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ መዶሻውን ያስቀምጣሉ። አስቡት፣ አናጢ ሆነው በገዛ ቤታቸው አንዲት ምስማር ሳይመቱ ከረሙ!

የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ቤቱን ለቆ ሲወጣ፣ ልጃቸው “እኔ ጋ ይምጡ” እያለች ነዘነዘቻቸው። በመጨረሻ “እሺ፤ ግድግዳውም ከዘጋኝ ምን አደርጋለሁ” አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጭነት መኪና ይዛ መጣች። ዕቃው ታስሮ አልቋል። እግረ መንገዷን የእትዬን ባዶ ቤት ልትሰናበት ዘለቀች። ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክር ቀርቷል። የስፌት መኪናው የቆመበት ቦታ አሁንም ከሌላው ይጠቁራል።

ግድግዳው ተንኳኳ።

ክው አለች። ግን እዚያው ያደገች ልጅ አይደለች? እጇ ሳታዘው አንዴ መታ። ወዲያው ከማዶ መዶሻ ጀመረ።

ሮጣ ስትገባ ጋሽ ቱምቢ ገመዱን ፈተው መስታወት ይሰቅላሉ። ፊታቸው በርቷል።

“አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ሾፌሩ እየጠበቀን እኮ ነው!”

“ሂድ በይው። ለመሰናበቻ ባንኳኳ እትዬ መለሱልኝ። ታዲያ ብቻቸውን ጥያቸው ልሂድ?”

“እኔ ነኝ እኮ የመታሁት! ደግሞም አንዴ ነው፤ ቆይ ነው ያልኩት።”

ጋሽ ቱምቢ በከንፈራቸው የያዙትን ምስማር አወጡ። “አንዴ ብቻ?”

“አንዴ ብቻ።”

“እንግዲያ ሁለተኛውን ማን መታው?”

ልጅቷ ግድግዳውን ብዙ አየችው። ወጥታ ሾፌሩን ሸኘችው።