የኔታ ተክለጻድቅና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

የኔታ ተክለጻድቅ ቁጡ፣ ግን እጃቸውን በተማሪ ላይ የማያነሱ ሰው ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ ከሰፈሩት ወታደሮች አንዱ ስለነበሩ፣ ተወልደው ያደጉት እዚያው ነው፤ ወላይትኛውንም እንደ አማርኛው ይናገሩታል። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በከተማዋ በተከፈተ ትምህርት ቤት፣ ጢማቸው ያቆጠቆጠ ጎረምሶችን ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ያስተምሩ ነበር።

ከተማሪዎቻቸው መካከል አንጁሎ የሚባል ከሁምቦ የመጣ ልጅ ነበር። እናቱ ቦልቴ ሸክላ ሠሪ ናት። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን አገሬው ቤቱ አያስገባም፣ አብሮትም አይበላም፤ ከተሜው ደግሞ ቡዳ ይለዋል። አንጁሎ ሲገባ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ሲያነብ እየሳሉ ድምፁን ያጠፉበታል። የውሃውን ጣሳ እንዳይነካ ስለከለከሉት እናቱ በሠራችለት ትንሽ ማሰሮ የራሱን ውሃ ይዞ መምጣት ጀመረ። የኔታ በተቆጡ ቁጥር ጋብ ይላል፤ ሰንብቶ ያገረሻል።

አንድ ቀን የኔታ ምሳቸውን በልተው ሲመለሱ ከጓሮ ሳቅ ሰሙ። ዞረው ቢያዩ፣ ጦና የተባለው የባላባት ልጅ የአንጁሎን ክንዶች ወደ ኋላ ጠምዝዞ ይዟል። የግራዝማች ጉልላት ልጅ ማሞ ደግሞ ማሰሮዋን አፉ ላይ ይደፋበታል። ሌሎቹ ከበው ይስቃሉ። ሽታው የኔታ ከቆሙበት ደረሰ። ተራ በተራ ማሰሮዋ ውስጥ ሸንተው ኖሯል።

ከሽንቱ ይልቅ የባሰባቸው ያ ጥጋብ የነፋው ሳቅ ነው። ጮኸው በተኗቸው። አንጁሎ አላለቀሰም፤ አፉን በክንዱ ጠርጎ ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ። በማግስቱም አልመጣም።

የኔታ ግራዝማች ጉልላት ዘንድ ሄደው የሆነውን ነገሯቸው። ግራዝማች የጠጁ አረፋ ጢማቸው ላይ እንዳለ ሳቁ።

«ዘሩ ሁሉ ጭቃ ሲረግጥ የኖረ፣ ሽንት ቢቀምስ ምን ይሆናል ብለው ነው የኔታ? የልጅ ጨዋታ ነው እኮ።»

ልጁ ሳቁን ከየት እንዳመጣው የኔታ ያን ጊዜ ገባቸው። የተቀዳላቸውን ጠጅ ሳይነኩ ወጡ።

በቅሏቸውን ጭነው ሁምቦ ወረዱ። ቦልቴ ገና ያልደረቀ እንስራ እያለሰለሰች ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። «ሰው ነው ብዬ ላክሁላችሁ» አለቻቸው በወላይትኛ። «ሰው ካልሆነ ለምን ተቀበላችሁት?»

የኔታ የሚበላ ነገር እንድታቀርብላቸው ለመኗት። ደንግጣ ቆመች፤ ከውጭ መጥቶ እቤቷ የበላ ሰው አታውቅም። ቅቅል ጎዳሬ አቀረበችላቸው። ቡዳ ሲባል እየሰሙ ያደጉ ናቸውና የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። የገዛ ጉሮሯቸውን ተጸየፉት። እንደ ምንም ዋጡና ደገሙ። ቦልቴ በልተው እስኪጨርሱ ስታያቸው ቆይታ፣ ልጇን እንደምትልከው ነገረቻቸው።

ወሬው ሶዶ ቀድሟቸው ገባ። ሚስታቸው የትምወርቅ ራታቸውን በተለየ ዕቃ አቀረበችላቸው፤ የማኅበር ጓደኞቻቸውም ራቋቸው። እሳቸው ግን አንጁሎ በተመለሰ ዕለት ተማሪዎቹን ሰብስበው በጣሳው ውሃ ቀዱና መጀመሪያ ለእሱ ሰጡት። የተረፈውን ራሳቸው ጠጡት።

«እዚህ ቤት ጣሳው አንድ ነው» አሉ። «የሚጸየፍ ይውጣ። እኔ ማንን እንደምጸየፍ ታውቃላችሁ።»

ማሞ ወጣ፤ ጥቂቶች ተከተሉት። ግራዝማችም የኔታን ገዢው ዘንድ ከሰሱ፤ ነገር ግን በምትካቸው የሚቆም አስተማሪ በመጥፋቱ ክሱ በዚያው ቀረ። የቀሩት ልጆች መጀመሪያ የጣሳውን አፍ በእጅጌያቸው እየጠረጉ ይጠጡ ነበር። እያደር መጥረጉ ቀረ፤ አንጁሎም ሲያነብ የሚስልበት ጠፋ።

አንድ ጠዋት ጦና ከቦታው ተነስቶ አንጁሎ አጠገብ ተቀመጠና ይቅርታ ጠየቀው። አንጁሎም ማረው። የኔታ ግን ይቅር ማለቱ አልሆነላቸውም። ጦናን ከሌላው ሳይለዩ አስተማሩት፤ ጽሕፈቱንም አርመው አቃኑለት። ብዕር የያዙትን እጆቹን ሲያዩ ግን ያ የተጠመዘዘ ክንድ ድቅን ይልባቸውና ወደ ደጅ ዞረው ይተፋሉ። ጣሊያን መጥቶ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሰላምታውን የሚመልሱለት በአንገታቸው ብቻ ነበር።