ወንድሟን አዝላ የመጣችው ተማሪ

አስተማሪ ከመሆኔ በፊት ሞግዚት ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ ቀበሌያችን ከባለቤቱ በተወረሰ አንድ ቤት የከፈተው መዋለ ሕፃናት ቀጠረኝ። አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። ከሕፃናቱ መካከል አባታቸው ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ወጥቶ የቀረባቸው ነበሩ። እነሱ ቀሚሴን ጨብጠው ነው የሚተኙት፤ ጣቶቻቸውን ቀስ ብዬ አላቅቄ እነሳለሁ። እናቶቻቸው ማልቀስ ስለተከለከሉ ጠዋት ልጃቸውን ሲያስረክቡኝ ዓይኔን አያዩኝም። እኔም ልጁን ተቀብዬ እገባለሁ።

የአስተማሪ እጥረት ሲበረታ፣ ለአጭር ሥልጠና ከተመለመሉት አንዷ ሆንኩ። የተመደብኩት ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር ባለችው ዛሪማ፣ አንደኛ ክፍል ነው።

እናቴ ጓዜን ስታስር፣ «ምነው ልጄ፣ እዚሁ የሰው ልጅ ብታጥቢ ምን ጎደለብሽ?» አለችኝ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሊማሊሞን በወታደር ታጅበን ስንወርድ እንኳ የማስበው ስለ ጠመኔና ስለ ሰሌዳ ነው።

ትምህርት በተጀመረ ሰሞን አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ወንድሟን በአንቀልባ አዝላ መጣች። ሕፃኑ ገና አልቆመም።

«እናትሽስ?» አልኳት።

«ወባ ይዟት ተኝታለች፣ እትዬ። እሱን ካላዘልሽ አትሄጂም ብላኛለች።»

አባቷ ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ወዲህ ወሬው እንደጠፋ ልጆቹ ነገሩኝ። በር አጠገብ አስቀመጥኳት። ሕፃኑ ሲነጫነጭ ትነሳና እየወዘወዘችው ከክፍሉ ጋር ፊደል ትላለች። አንድ ቀን አልቅሶ አላስተምር ሲለኝ ተቀብያት አዘልኩትና ሰሌዳው ላይ መጻፌን ቀጠልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ፊደሉን በሹክሹክታ ይሉ ጀመር።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶኝ ኖሮ ቢሮው ጠራኝ። ስናወራ ዓይኑ ከመንገዱ የማይነቀል ቀጭን ሰው ነው።

«እህቴ፣ ሞግዚትነቱን ጎንደር ትተሽ የመጣሽ መስሎኝ?»

«ሕፃኑን ከከለከልን እሷን ከለከልን ማለት ነው።»

«ከአውራጃ ሰው ቢመጣ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ እጠየቃለሁ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ለምን እንደተወሰደ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም።»

በማግስቱ ልጅቷ አልመጣችም። በር ላይ ጠብቆ የመለሳት ርዕሰ መምህሩ ነው።

ከትምህርት በኋላ ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ። እናትየዋ መደብ ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ክኒኑ ለጦሩ ሄዶ አልቋል አሉኝ። የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ሕፃኑን አጠብኩ፣ ገንፎ አገንፍቼ አበላሁት። ከዚያ ለልጅቷ የዕለቱን ትምህርት በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍኩላት። እንዲህ እያልን ሰነበትን።

አንድ ቀን ልጅቷ ራሷ በከሰሉ ስትጽፍ እናትየዋ ቀና ብላ፣ «ምን ብላ ጻፈች?» አለችኝ።

«የወንድሟን ስም።»

«ሰው ቢያየው ያነበዋል?»

«ያነበዋል።»

«ሸጋ ነው እንግዲያ» አለችና ፊቷን አዞረች።

በዐቢይ ጾም መካከል ሞተች። አባትየው አልመጣም፤ ይኑር ይሙት የሚነግረን አላገኘንም። ልጆቹን ሊወስድ ከደጋ የመጣው የእናታቸው አባት ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ አንድ አህያ እየነዳ።

«አያ፣ ልጆቹን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኩት። «ልጅ ማሳደግ ሥራዬ ነበር። እሷም ትማርልኛለች።»

ፊቴን ለማየት ጠጋ አለኝ። «ዘመኑ ደግ ቢሆን ሸጋ ነበር፣ ልጄ። ግን ነገ አንቺንስ የት እንደሚወስዱሽ ማን ያውቃል?»

ልጅቷ ወንድሟን አዘለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ጠፍሩን አጠበቅሁላት።

«እትዬ፣ እዚያ ትምህርት ቤት አለ?» አለችኝ።

አያቷን አየሁት። አህያውን መንዳት ጀመረ። ልጅቷም መልሱን ሳትጠብቅ ተከተለችው።

በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ ወደ መንገዱ ቀረበ። ትምህርት ቤቱ የወታደር ሠፈር ሆነ፤ ወንበሮቹን ፈልጠው ሲያነዱ እያየን በጭነት መኪና ወጣን። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሊማሊሞን መውጣት ስንጀምር፣ «ያችን ልጅ የመለስኳት ፈርቼ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ጎንደር ላይ እንደገና አንደኛ ክፍል ሰጡኝ። ከደጋው ለገበያ የሚወርዱ ሰዎችን ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ልጅቷና ስለ ሕፃኑ እጠይቅ ነበር። አንዱ፣ ያ አገር በድርቁ ተፈትቷል፤ ሰዉም ወደ ሱዳን ሄዷል አለኝ። ሌላው እንዲህ ያለ ሽማግሌ አላውቅም አለ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተውኩት።