ይሁኔ ከማደሪያ የተባረረ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ዩኒቨርሲቲ ላስገባ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ከግቢው አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ጥቂት ተማሪዎች ተጠጋግተው ያጨሳሉ። ግቢ ውስጥ ክልክል ስለሆነ ነው አሉኝ። ይሁኔ ትዝ አለኝ።

ከይሁኔ ጋር እዚያው ደብረ ማርቆስ መምህራን ማሠልጠኛ ስንማር በአንድ ክፍል እናድር ነበር። የመርጡለ ማርያም ቄስ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ፣ ጨዋታ አዋቂ፤ ሲጋራ የለመደው ከተማ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ደንብ ወጣ፤ ሲያጨስ የተገኘ ከማደሪያ ይባረራል ተባለ። መጀመሪያ የተያዘው ይሁኔ ሆነ።

አባቱ ተጠርተው መጡ። በእኛ አገር የቄስ ልጅ አጨሰ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ይረግሙታል ብለን ስንፈራ እሳቸው የማሠልጠኛውን ዲን ብቻ ጠየቁ።

«እሺ፣ እሱን ከዚህ አስወጡት። ሲጋራውንስ ከሱ ማን ያስወጣለታል?»

«ደንብ ነው አባ። ለሌሎቹም ማሰብ አለብን» አሉ ዲኑ በትሕትና። እሳቸውም እውነት ነበራቸው።

ቄሱ የልጃቸውን ብርድ ልብስ ራሳቸው ተሸከሙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ብቻውን ከሆነ አይሆንለትም» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ ፍራሼን ጠቅልዬ ተከተልኳቸው።

ከተማ ውስጥ ጣራው የሚያፈስ ቤት ተከራየን። ይሁኔ ሲጋራ ሲያምረው ይነግረኛል፤ ገብስ ቆሎ በኪሳችን ሞልተን ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ከከተማ እንወጣለን። ጥቅምት ነበር፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ነፋሱ ፊት የሚገርፍ። አንዳንዴ ከመንገድ ተመልሶ፣ ገዝቶ ያጨሳል። በማግስቱ ደግሞ እንወጣለን። አንድ ቀን ተናደደና ቆሎውን መንገዱ ላይ በትኖ፣ «አንተ ሰው፣ እኔ ዶሮ ነኝ?» ብሎ ጮኸብኝ። ወዲያው ሁለታችንም ሳቅን። ጤፉ ሲታጨድ ይሁኔ ማጨሱን ትቶ ነበር።

ደንቡን አልነቅፍም። የልጅ ልጄ ጢስ በሌለበት ብታድር ደስ ይለኛል። ቤቴ ስመለስ ግን ለይሁኔ ደወልኩለት፤ ዛሬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አጥሩ ሥር ያየኋቸውን ልጆች አነሣሁለት።

«እኔንም እኮ እስካሁን ያምረኛል» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን አላወቅሁም። እኔ ያኔ ያቆመ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ለካ በየቀኑ ሲያቆም ነው የኖረው።